የኔና የወይዘሮ የሺ ዝንጅብል

ባለፈው ሰሞን ለወይዘሮ የሺ የሙት ዓመት፣ እዚህ አገር በዕብራይስጥ አዝካራ ለሚሉት፣ ገዴራ ሄጄ ነበር። ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ሰው እጁን ታጥቦ ሊቀመጥ ሲል፣ አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ለሻይ የሚሆን ዝንጅብል ቀጭ አድርጋ ሰበረች። ሽታው አፍንጫዬን መታው። በቃ፣ እዚያው ወንበሬ ላይ እርር ድብን አልኩ። ሰው ለሟች ያለቅሳል፤ እኔ ትርንጎ በሟች ቀናሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አንገቴን ስደፋ ያየኝ ሁሉ "አይ ትርንጎ፣ እንዴት ብትወዳት ነው!" ሳይል አልቀረም። ይበሉ። ቄሱም ቅናት ኃጢአት ነው ይላሉ፤ እሳቸውም ይበሉ። በእኔና በየሺ መካከል የነበረውን የምናውቅ እኛው ነን፤ አሁን ደግሞ እኔ ብቻ ቀረሁ።

የሺ የልጄ የአስቴር አማት ነበረች። አስቴር የእሷን ልጅ ዳዊትን አግብታ ያቭኔ ገቡ፤ እኔ ቂርያት ማላኺ፣ የሺ ገዴራ። ገዴራ ደግሞ ለያቭኔ ይቀርባል። ይሄንንም ሆነ ብላ ያደረገችው ይመስለኝ ነበር። ዘመኑ ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፣ እኔ ዓመት የምለየው በልብስ ነው። ሴቶች ልጆቻችን ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ የሚለብሱበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን የአስቴር ልጅ፣ የልጅ ልጄ ኦርሊ ተኝታ ሳለ ያንን ቀዳዳ በጥቁር ክር ጥቅም አድርጌ ሰፋሁላትና ስትነሳ ልታብድ! ሐሙስ ሐሙስ ሹክ እወርዳለሁ፤ ገበያው ጥግ ያለው ሲዲ ሻጭ ሲዲ የሚገዛው ጠፍቶ ዘፈኑን በትንሽ ፍላሽ እየቀዳ ይሸጥ ነበር፣ ድምፅ ማጉያው ግን ያው የጥንቱ ነው፣ እስክስታውን እያስጮኸ መንገደኛውን ትከሻ ትከሻውን ይለዋል። ዝንጅብል ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ከነጭ ሽንኩርቱ ሳጥን ጎን ተጥሎ በሳንቲም ይሸጥ ነበር፣ ሲያሻው ሻጩ እንዲያው ይመርቅልሻል። ኋላ ኮሮና መጥቶ እንደ ወርቅ አስወደደው እንጂ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ መኪና እኛ ሕንፃ ሥር እየቆመ ሴቶቹን ይሰበስባል፤ እኔም ጉልበቴ እንቢ እስኪለኝ ድረስ በዚያ መኪና ሄጄ ካርቶን ሳሽግ ኖሬያለሁ። ጉልበቴ እንቢ ሲል ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጠባብ በረንዳ ይዤ ቀረሁ።

የሺስ? የሺ ምድር ቤት ነበረች። ግቢ ነበራት፣ ጉድ በል ጎንደር! አጥሩ ሥር ቁልቋል፣ መካከሉ ድንች፣ ዳር ዳሩን ጤና አዳም። ኦርሊ ጡት ከጣለችበት ጊዜ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ የምትመጣው እኔ ዘንድ ነበር። የመጀመሪያ ቃሏን የሰማሁ እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያ ጥርሷን ያየሁ እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ግን "ሳብታ፣ ዛሬ ገዴራ ነኝ፣ ቤሰደር?" ማለት አመጣች። ሳብታ አያት ማለት ነው፤ ሁለታችንንም በዚያው ነው የምትጠራን፤ ያም ራሱ ያበሳጨኝ ነበር። እኔም እሺ፣ ቤሰደር እላታለሁ። ምን ቤሰደር አለው! የሺ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ልጅቷን እየወሰደችብኝ ነበር።

አንድ ቀን ኦርሊ በድንገት ከች አለች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ። በእጇ አንድ ትልቅ ዝንጅብል ይዛለች።

"ሳብታ፣ ሞራዬ ሥራ ሰጠችን" አለች። ሞራ የምትላት አስተማሪዋን ነው። "ምግብ ወይም ውሃ ግንዱ ውስጥ የሚያጠራቅም ተክል ማሳደግ አለብን። ከሚመጣው ፋሲካ በኋላ ኪታ፣ ክፍላችን ውስጥ እናሳያለን።"

"ግንድ ውስጥ ምን ምግብ አለ? ግንድ ለማገዶ ነው።"

"ድንች ግንድ ነው።"

"ወግጂ! ድንች ሥር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከመሬት ስቆፍረው ኖሬ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?"

ከቅርጫቴ አንድ ድንች አንሥታ አፍንጫዬ ሥር አዟዟረችው። "ይሄ ዓይኑ ነው፣ ናኮን፣ አይደል? ከዚህ ነው ቅርንጫፉ የሚወጣው። ሥር እንዲህ ያለ ዓይን የለውም። መሬት ውስጥ ገብቶ ምግብ ሲያጠራቅም ጊዜ ወፈረ እንጂ ግንድ ነው። ቁልቋልም ያ ሰፊው ጠፍጣፋው ቅጠሉ አይደለም፣ ግንዱ ነው፣ ውሃውን እዚያ ይይዛል። ቅጠሎቹ እሾህ ሆነው ቀርተዋል። ዝንጅብል ደግሞ የተኛ ግንድ ነው።" ግማሹን በዕብራይስጥ ነው ያለችው፤ ያቃናሁላችሁ እኔ ነኝ።

"ቁልቋሉን ማን አሳየሽ?" አልኳት።

"ሳብታ የሺ ግቢ ቆርጠን አየነው። ውስጡ ውሃ ብቻ!"

ቢላዬን አንሥታ ያንን ዝንጅብል ሁለት ቦታ ከፈለችው፤ ለእያንዳንዱ ዓይን እንዲደርሰው ብላ እየመረመረች። "አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለሳብታ የሺ። የማን የበለጠ ካደገ እሱን ኪታ እወስዳለሁ። ያላ፣ ሄድኩ!" ብላ ወጣች፤ ወዴት? ወደ ገዴራ፣ የዚያችኛዋን ድርሻ ልታደርስ። እኔ ግማሽ ዝንጅብሌን ይዤ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለእሷ የትምህርት ቤት ሥራ ነው። ለእኔ ግን ልጅቷ ራሷ ነበረች ለሁለት የተከፈለችው። እኔ ካሸነፍኩ በሰው ሁሉ ፊት "ይሄ የሳብታዬ የትርንጎ ነው" ትላለች፤ ዓርቦቼም ይመለሱልኛል። ከተሸነፍኩ የሺ ጠቅልላ ወሰደቻት ማለት ነው።

በማግስቱ ጋን ያቭኔ መንገድ ላይ ካለው ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሄጄ የሸክላ ማሰሮ ገዛሁ። ሻጩ ፕላስቲኩ ይቀልሻል አለኝ፤ ፕላስቲክ ሞቼ ነው! እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አገር ቤት ጋኑንም ማሰሮውንም ገበያ ስታወርደው፣ የሌላዋ ሠሪ ዕቃ ቀድሞ ከተሸጠ እስከ ማታ አታነጋግረንም ነበር፤ እንግዲህ ከማን እንደወረስኩት ገባችሁ። እሷ እንደምታደርገው በጣቴ ጎን መታ መታ እያደረግሁ ድምፁ የጠራውን መርጬ፣ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ አቅፌ አመጣሁት። አፈር ሞልቼ ዝንጅብሉን አስተኛሁት። ምግብ የሚያጠራቅም ከሆነ ምግብ ይብላ ብዬም የሊጥ ባልዲዬን ያለቀለቅኩበትን ውሃ አጠጣው ጀመር። በቀለ። ቅጠሉ እንደ ሸንበቆ ቅጠል ቀጥ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጎረቤት ሲመጣ ሳሎን ትቼ በረንዳ ላይ ነበር የማስቀምጠው።

የሺ ትደውላለች። የእኛ ጠብ በአንቱታ ነው፣ አንድም ቀን ክብር ጎድሎበት አያውቅም።

"እንዴት ሰነበቱ እትዬ ትርንጎ? ዝንጅብልዎ እንዴት አለ?"

"እግዜር ይመስገን፣ ወገቤን አልፏል።" ጉልበቴንም አላለፈም ነበር።

"እሰይ፣ እሰይ። የኔማ ደረቴ ደርሷል።"

የሺ አጭር ሴት ናት፤ ደረቷ የት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እንቅልፍ ነሳኝ። ጠበኛ ዓይኔ ካላየ አላምን ብሎ፣ የታመመች ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ ገዴራ ወረድኩ። ግቢው በር ላይ ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ዝንጅብሉን አይደለም። ኦርሊ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ራሷን የሺ ጭን ላይ ጥላለች፤ የሺ ሹሩባ ትሠራታለች፣ ልጅቷም ዓይኗን ጨፍና ታንጎራጉራለች። እኔ ማበጠሪያ ይዤ ስቀርባት "ዳይ ሳብታ፣ በቃ፣ ያማል!" ብላ የምትሸሸኝ ልጅ! ሳልገባ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ የዚያች ሰው ዝንጅብል በእውነት ደረቷ ደርሶ እንደሆነ አላውቅም፤ አላየሁትማ።

የመስከረም በዓላት አልፈው ብርዱ ሲጀማምር የኔ ዝንጅብል ቢጫ ሆነ። ውሃ ብል፣ ፀሐይ ብል፣ ብለምነው ምንም። ቅጠሉ አንድ በአንድ ደርቆ ወደቀ፣ አገዳውም ተኛ። ሞተብኝ አልኩ። ለማን ይነገራል? ማሰሮውን ከበረንዳው ጥግ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ወሸቅሁና አሮጌ አንሶላ ጣል አደረግሁበት። ውሃ ማጠጣቱን ተውኩ፤ ሬሳ ማን ያጠጣል። የሺ ስትደውል "በጣም ደህና ነው" እላለሁ። እሷም "የኔም በጣም ደህና" ትላለች። ኦርሊ ልታየው ስትመጣ "ብርድ እንዳይመታው ሸፍኜዋለሁ፣ አትንኪው" እላታለሁ። እንዲያ እያልን የዚህ አገር ክረምት፣ ብርዱና ዝናቡ፣ አለፈ።

ፋሲካ ደረሰ። በእኛ በአይሁዶቹ ወግ፣ ለፋሲካ እርሾ ከቤት ይወጣል፣ አሮጌው ሸክላም ይሰበራል። እርሾ የነካው ሸክላ ቢታጠብም አይጠራም፤ ይጠጣዋላ። አገር ቤት የዚያን ዕለት መንደሩ በሙሉ ስብርብር፣ ቅጭልጭል ነው፤ እናቴ የሠራችውን ራሷ እየሰበረች ትስቅ ነበር፣ የማዝን እኔ። እዚህ አገር ድስቱ ብረት፣ ሰሐኑ ብርጭቆ ሆነና የሚሰበር ጠፋ። አስቴር ቤት ልታጸዳልኝ መጥታ በረንዳውን ስትጠርግ አንሶላውን ገፈፈችው።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ተይው፣ የሚሰበር ነው" አልኳት።

"የአበባ ማሰሮ ይሰበራል እንዴ! ይሄ ምን ሐሜጽ፣ ምን እርሾ አለው?"

"የሊጥ ውሃ ሳጠጣው ከርሜ! ሸክላ ሸክላ ነው። ከነእርሾው ቤቴ አያድርም።"

"ኧረ እማዬ፣ አፈሩን ደፍተን…"

"አንቺ ልጅ፣ ወግ አታስተምሪኝ!"

እውነቱን ለመናገር፣ ከዓይኔ ሥር እንዲጠፋልኝም ነበር። ሁለታችን ተሸክመን ሦስቱን ፎቅ አወረድነውና ከሕንፃው ኋላ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ካለችው የድንጋይ እርከን ላይ አስቀመጥነው። አንድ ድንጋይ አነሣሁ። እናቴን አሰብኩ፣ የሺን አሰብኩ፣ ያንን ሹሩባ አሰብኩ፤ መታሁት። ማሰሮው እንደ ደረሰ ሮማን ፈነዳ። አፈሩ ተደረመሰ። ከውስጡ ምን ብቅ አለ? ዝንጅብል! አንድ ፍሬ አይደለም፤ ማሰሮውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ፣ ቆዳው ወርቅ የመሰለ። አስቴር በዕብራይስጥ ጮኸች፤ እኔ አገር ቤት እንደሚደረገው እልል አልኩ። ከየመስኮቱ ሰው ወጣ።

ኦርሊ አመሻሹን መጥታ ስታየው ጠረጴዛዬን ዞራ ዞራ ልትጨርሰው! "አልሞተም ነበር እኮ ሳብታ። ቅጠሉ የሠራውን ምግብ ሁሉ ታች አወረደው፣ ከዚያ ይተኛል። በክረምት ውሃ አይፈልግም።" አልሰማኋትም፤ እኔ የገዴራውን ነበር የማስበው። "የየሺስ?" አልኳት። ፊቷ ቅጭም አለ። የየሺም ቅጠሉ ደርቆ ኖሯል። የሺ ግን እንደኔ አልሸሸገችውም፤ ይነሣልኝ ብላ በዚያ ሁሉ ዝናብ ላይ ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ማታ ስታጠጣው ከርማ፣ ሲቆፈር በስብሶ እንደ ገንፎ በእጃቸው ላይ ቀረ። እሰይ! አልኩ በሆዴ። እንዲህ ነው፤ አልኩ።

ክፍሉ ሥራውን በሚያሳይበት ቀን ያቭኔ ሁለታችንም ተጠራን። እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ፊት ወንበር ላይ ተሰየምኩ። የሺ ከኋላ ተቀመጠች። ኦርሊ ዝንጅብሌን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ግንድነቱን፣ ዓይኑን፣ የሚያጠራቅመውን ሁሉ ተናገረች። ቀጥላ ምን አለች? "አንዷ ሳብታዬ በጣም ስለወደደችው ሁልጊዜ እያጠጣች አበሰበሰችው። አንዷ ሳብታዬ ረሳችው፣ እሱም ዳነ።" ክፍሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ረሳችው! እኔ! አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም፤ አፍሬበት ነበር እንጂ። ልናገር አፌን ስከፍት ኦርሊ በእኔ በኩል አልፋ ወደ ኋላ ሄደች። የሺ ታለቅስ ነበር። ኦርሊ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፤ ዝንጅብሌንም ሰበረችና ትልቁን ግማሽ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። እኔ በአዲስ ቀሚሴ ጭብጨባውን ይዤ ተቀመጥኩ። አሸንፎ እንደዚያ የተሸነፈ ሰው አይቼ አላውቅም።

ያን ግማሽ የሺ ግቢዋ፣ የቀረውን እኔ በረንዳዬ ላይ ተከልነው፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ በልኩ ሆነ። ኮሮና መጥቶ ሰው ሁሉ ዝንጅብል ፍለጋ ሲራወጥ ለጎረቤቶቿ እየቆረሰች "የግቢዬ ነው" ትላቸው ነበር። የግቢዬ! ሰምቼ እሳት ጎረስኩ። ደወልኩላት። "እትዬ የሺ፣ ዝንጅብሌ እንዴት አለ?" አልኳት፣ 'ሌ'ዋን ጠበቅ አድርጌ። "ዝንጅብሌ ደህና ነው" አለችኝ እሷም። እንዲህ እንዲህ እያልን በስልክ ከረምን፤ ሰው ሰው በሚናፍቅበት በዚያ ጊዜ ቀን ሳናሳልፍ እንደዋወል ነበር፣ ለመበላለጥ።

ኋላ ታመመች። ልጠይቃት ሆስፒታል ስሄድ ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ሌላው ሰው ወጥቶ ሁለት ስንቀር እጄን ያዘችና፣ "እትዬ ትርንጎ፣ ልጅቷ እርስዎን ነው የምትመስል። ሹሩባ በሠራኋት ቁጥር ከጭኔ ላይ ቀና ብሎ የሚያየኝ የእርስዎ ፊት ነበር። እንዴት እቃጠል እንደነበር!" አለችኝ። "እግዜር ይማርዎ" አልኩ። ኮሪደሩን ግን እንደ ወጣት ነው የወጣሁት። ከዚያ የበለጠ ደስ የሚል ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

እንግዲህ ባለፈው አዝካራ፣ ሰው ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ ዳዊት ግቢውን ማጽዳት ጀመረ፣ ቤቱ ሊከራይ ነው። ከአጥሩ ሥር ቢጫ የሆነ ደረቅ አገዳ ሰብስቦ፣ "ይሄ ሞቷል፣ ነቅዬ ልጣለው" ሲል ሰማሁ። የጉልበቴ ሕመም የት እንደሄደ አላውቅም፣ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። "እጅህን አንሣ!" ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ኦርሊ ከጦር ሰፈሯ በቀጥታ የመጣች፣ የወታደር ልብሷን እንደለበሰች ተንበርክካ በእጆቿ ቆፈረች። ወጣ። ማሰሮዬን ከሞላው የበለጠ፣ ደንዳና፣ ሁሉም ዓይኑ የነቃ። የየሺ እጅ! ያን ጊዜም ቀናሁ። ኦርሊ አፈሩን አራግፋ ሁሉንም ነጠላዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። "አንቺ ውሰጂው ሳብታ፣ የምታውቂበት አንቺ ነሽ" አለች። እንባዋ አፈሩን በጉንጯ ላይ አቅልጦት ነበር። ለኔስ እንዲህ ታለቅስ ይሆን? ብዬ አሰብኩ። ይሄንንም አሰብኩ፣ አልዋሽም።

በሚቀጥለው ዓርብ ቤቴ መጣች። ከየሺ ዝንጅብል አንድ ብርጭቆ፣ ከበረንዳዬ ዝንጅብል አንድ ብርጭቆ ሻይ አፍልቼ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ሳልነግራት ፊቷ ደረደርኩት። አንዱን ቀመሰች፣ ሌላውን ቀመሰች፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

"ይሄ ይበልጣል" አለች።

የኔ ነበር።

"ያንቺ ነው አይደል ሳብታ? ያንቺ ይበልጣል" አለችኝ፣ እየሳቀች።

እጄ ስልኩን አንሥቶ የሺ የሚለውን ስም ከፍቶ ነበር፤ ልደውልላት።